ሚኒሶታ፦ ብርዱን ለቻለ ሰው
የሚኒሶታ ነዋሪ ስለዚህ የአሜሪካ ግዛት ሲጠየቅ ምሬቱን የሚጀምረው ከብርዱ ነው፤ እውነቱንም ነው። በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስባቸው ቀናት ሽፋሽፍት ላይ አመዳይ ይይዛል፣ በረዶ ባደረ ቁጥርም መኪናን በአካፋ ቆፍሮ ማውጣት የጠዋቱ የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት በበረዶ ጠረጋ ዕለት በተከለከለው የመንገድ ዳር በማቆሜ መኪናዬ ተጎትታ ተወስዳብኝ፣ ለማስመለስ ግማሽ ቀን ወረፋ ይዣለሁ። ሆኖም በሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘረጉት፣ ሕንፃን ከሕንፃ በሁለተኛው ፎቅ የሚያገናኙት ዝግ ድልድዮች ካፖርት ሳይደርቡ ከቢሮ ምሳ ቤት ያደርሳሉ። የገቢ ግብሩ ከባድ ነው፤ በልብስ ላይ ግን የሽያጭ ታክስ የለም፤ ይህም ካፖርት ለሚገዛ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለማትጠልቅ፣ ከ10,000 በላይ ከሆኑት ሐይቆች በአንዱ ዳር የተቀመጠ ሰው ጥርን ረስቶ የቤት ኪራይ ውሉን ያድሳል።