የደሴ «ዳታ አናሊሲስ» ቤቶች፦ ለምኑ ይከፈል፣ ምኑ ይቅር?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ከሚሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ በራቸው ላይ «ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» ብለው ለጥፈዋል። ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የሚያጣድፈው የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ተማሪ ማረፊያው እዚያ ነው። በአጭሩ፣ ዳታ ማስገባቱ ከአምስት አራት ያገኛል፤ ሞዴሉ (ከዳታው ውጤት የሚወጣበት ስሌት) ግን ሁለት ቢሰጠውም በዝቶበት ነው።

በወረቀት የተሞላ መጠይቅ ሲሰጣቸው ቶሎ ያስገባሉ፣ ግድፈታቸውም ጥቂት ነው። ችግሩ ኮዱን ሳትነግሯቸው ስትቀሩ ነው። «መልስ የለም» ለማለት የተጻፈው 99 ዕድሜ ዓምድ ውስጥ እንዳለ ከገባ፣ አማካዩ በሌሉ አዛውንቶች ያረጃል። መሬትም እንዲሁ፦ አንዱ ገበሬ በጥማድ፣ ሌላው በሄክታር ይናገራል። 4 ጥማድ 1 ሄክታር ተብሎ ሳይቀየር ከገባ፣ «2» የተባለው ግማሽ ሄክታር ይሁን ሁለት ማንም አያውቅም። ስትረከቡ 20 መጠይቅ በዕጣ አውጥታችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ።

ወደ ሞዴሉ ስንመጣ፣ ጥያቄው ብድር ይሁን መስኖ መልሱ ሁልጊዜ ሎጂት ነው፤ ማለትም አንድ ነገር «አዎ» የመሆኑን ዕድል ከምክንያቶቹ ጋር የሚያያይዝ ስሌት። ሠንጠረዡ ላይ ከአንዱ ምክንያት ጎን 0.7 ከወጣ «ዕድሉን በ70 በመቶ ይጨምራል» ብለው ይጽፉላችኋል። ስህተት ነው። 0.7 የሎግ ኦድስ ለውጥ ነው (ኦድስ የመሆን ዕድል ለአለመሆን ዕድል ሲካፈል ነው፤ ሎግ ኦድስ ሎጋሪዝሙ)፤ ኦድስ ሬሾው፣ ማለትም ኦድሱ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 ገደማ ይሆናል። ዕድሉ ላይ ያለው ለውጥ በመነሻው ይወሰናል፦ 50 በመቶ አካባቢ ላለ ቤተሰብ ወደ 17 ነጥብ፣ 10 በመቶ ላይ ላለ ግን 8 ነጥብ ገደማ ነው። ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ከሎጂቱ ቀጥሎ ይህን የዕድል ለውጥ የሚያሰላውን የማርጂንስ ትእዛዝ ማስገባት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አይጨምሩትም።

ከዚህ የሚከፋው «ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» ለማለት ከቁጥሩ ጎን የሚደረገው ኮከብ ብዛት ነው። ከ4 ቀበሌ የተሰበሰበ 400 ቤተሰብ እርስ በርሱ የማይገናኝ ተደርጎ ይሰላል። የአንድ ቀበሌ ጎረቤታሞች ዝናባቸውም፣ የግብርና ባለሙያቸውም፣ ገበያቸውም አንድ ስለሆነ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው) ያለልክ ያንሳል፤ ኮከቡም ይበዛል። 4 ቀበሌ ይዞ «ክላስተር» ማለትም፣ ስታንዳርድ ኤረሩን በቀበሌ አቧድኖ ማስላት፣ አያድንም፤ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። መፍትሔው ናሙና ሲወጣ ነው፦ ከየቀበሌው ቤተሰብ ከማብዛት ቀበሌ ማብዛት ይሻላል።

የሚያስረክቡት ደግሞ ወርድ ላይ የተለጠፈ ውጤት ብቻ ነው። ዲፌንስ (ቴሲሱን በፈታኞች ፊት መከላከል) ላይ ፈታኙ «ይቺን ተለዋዋጭ አውጥተህ አሳየኝ» ካለ ዱ ፋይል (የስታታ ትእዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል) የሌለው ተማሪ ላብ በላብ ይሆናል። ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ዱ ፋይሉንና ጥሬ ዳታውን በፍላሽ ተቀበሉ፤ ፍላሹን ግን በአንቲቫይረስ ሳታስፈትሹ የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ እንዳትሰኩት።