ማቭሩድ ወይስ ሜልኒክ? ከቡልጋሪያ ቀይ ወይን ለምትገዙ

ሶፊያ እኔ ጋ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ መመለሻው ሲደርስ ይጠይቀኛል፦ «የአገሩን ወይን ይዤ ልሂድ፤ የቱን ልግዛ?» መልሴ ማቭሩድ የሚባለው የአገሩ የወይን ዝርያ ነው።

መጀመሪያ የተቃጠልኩት ሜልኒክ ላይ ነው። የአገሪቱ ትንሿ ከተማ ናት፤ መንገድ ዳር የቤት ወይን በውሃ ፕላስቲክ ይሸጣል። 2 ሊትር በ6 ዩሮ ገዛሁ። በአንድ ጠርሙስ (ሦስት ሩብ ሊትር) ልክ 2 ዩሮ ከ25 ሳንቲም መሆኑ ነው። እዚያው ስቀምሰው ግሩም ነበር። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍተው ግን አቼቶ ሆኗል። ሙሉውን ደፋሁት። በፕላስቲክ የተሞላ ወይን በጭራሽ አትግዙ።

የሜልኒክ ወይን ራሱ መጥፎ አይደለም። በስትሩማ ሸለቆ፣ ግሪክ ድንበር አጠገብ ይበቅላል፤ ቀለል ያለ ነው፤ ቅመም ቅመም ይላል። ደህናውን በ10 ዩሮ ገዝቻለሁ። «ሜልኒክ 55» የሚል ካያችሁ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ቶሎ እንዲደርስ ተዳቅሎ የተገኘ።

ማቭሩድ የፕሎቭዲቭና የአሴኖቭግራድ ከተሞች አካባቢ ልጅ ነው። ዘግይቶ፣ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ጥቁር ሊሆን ምንም አይቀረው። ሱፐርማርኬት በ7 ዩሮ ይገኛል። እኔ ግን 6 ዩሮ ጨምሬ በኦክ በርሜል የቆየውን በ13 እወስዳለሁ። አፍ የሚይዘው ነገር በርሜል ውስጥ ይለሰልሳል፤ ልዩነቱ ከ6 ዩሮ በላይ ነው። በ4 ዩሮ የገዛሁት ውሃ ውሃ ይል ነበር። ተክሉ ዘለላ ሲበዛበት ወይኑ ይቀጥናል፤ ርካሹም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጠርሙሱን አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። አንዴ ማቭሩድ ብዬ የገዛሁት፣ ቤት ገብቼ ሳየው «ማቭሩድና ሜርሎ» ይላል፤ ሌላ ዝርያ የሆነው ሜርሎ የተጻፈው በደቃቅ ፊደል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአንድ ዝርያ ስም ብቻ ከተጻፈ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያው ዝርያ መሆን አለበት። ሁለት ስም ካያችሁ ዋጋውን ተከራከሩ ወይም ተዉት።

ጋምዛ በሚባለው ሌላ ዝርያ አላደክማችሁም፤ ለዘወትር የሚጠጣ ቀላል ወይን ነው፤ ለስጦታ አይሆንም።

ማቭሩድን የማልመክርበት አንድ ማዕድ አለ፤ ዶሮ ወጥ። በርበሬውና የወይኑ መጎምዘዝ ሲገናኙ አፍ ያቃጥላል። ለዶሮ ሜልኒክ ይሻላል። ለጥብስ፣ በተለይ ለበግ፣ ማቭሩድ ነው። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጆግ ላይ ገልብጡት። ሻንጣ ውስጥ ስትከቱት ደግሞ በወፍራም ሹራብ ጠቅልሉት፤ መሐል ላይ ይሁን።