«በወር ስንት ትችላለህ?» ሲሏችሁ ቁጥር አትጥሩ

አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ዲለር (የመኪና መሸጫ) ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተጎድቼባታለሁ።

ሦስተኛ ልጃችን ስትወለድ የድሮዋ ኮሮላ አልበቃ አለችን። ዕቁብ ወጥቶልኝ ከቁጠባችን ጋር 15 ሺህ ዶላር ነበረን። ቨርጂኒያ ውስጥ ያየናት ያገለገለች ሚኒቫን ከነታክሷ 25 ሺህ ነበረች። ሻጩ ያገር ልጅ ነው። በአማርኛ ሲያዋራን፣ ባለቤቴን «እህቴ» ሲላት ልባችን ረጋ። «ገንዘባችሁን ያዙት፤ በብድር ግዙ፣ ክሬዲታችሁም (የብድር ታሪካችሁ) ያድጋል» አለን። ቀጥሎ «በወር ስንት ትችላለህ?» ሲለኝ «430 ገደማ» አልኩት። ስህተቴ እሷ ናት። ወረቀት ላይ 430 ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ ከበባት። ሌላ ቁጥር አላሳየኝም። 3 ሺህ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ከፍለን ለቀረው 22 ሺህ ፈረምን።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ውሉን አነበብኩት። ወለዱ 12 ከመቶ፣ ጊዜው 72 ወር። ሲደመር ወደ 31 ሺህ ዶላር! 9 ሺህ የሚጠጋው ወለድ ነው። በማግስቱ አንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ጠየቅሁ። ለዚያው 22 ሺህ 7 ከመቶ፣ በ60 ወር፣ በወር 436 አለኝ። በወር ስድስት ዶላር ብቻ ጨምሬ 4,800 ዶላር ገደማ አተርፍ ነበር። መኪናዋን ልመልሳት ፈለግሁ። ግዢን በሦስት ቀን ውስጥ መሰረዝ የሚፈቅደው የፌዴራሉ ሕግ ግን ዲለር ቤት ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና አይሠራም።

ዲለሩ አበዳሪው ከተመነው ወለድ ላይ ጨምሮ ሊያስፈርማችሁ ይችላል፤ ከጭማሪው ለሱ ይደርሰዋል። ለዚህ ነው ብድሩን እንዲያ የሚያሞግሱት።

ታዲያ ካሽ ወይስ ብድር? የሦስት አራት ወር ኪራይና አስቤዛ አስቀሩ፣ የተረፈውን በሙሉ መኪናው ላይ ክፈሉ። ልጆች ይዞ ባዶ እጅ መቅረትም ያስፈራል። ለጎደለው አስቀድማችሁ ክሬዲት ዩኒየን ሄዳችሁ የብድር ፈቃድ ይዛችሁ ግቡ። ስለ ብድር የምታወሩት በመኪናው ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ነው። ወለዱና እስከ መጨረሻው የምትከፍሉት ጠቅላላ ድምር ውሉ ላይ መጻፍ የሕግ ግዴታ ነው። እሱን ሳታዩ እንዳትፈርሙ፣ እባካችሁ።

ቀድማችሁ የፈረማችሁም አላችሁ። ብድሩን ቀድሞ መዝጋት ቅጣት እንዳለው ከውላችሁ ላይ እዩ። የኔ አልነበረውም፤ በአምስተኛው ወር ወደ ክሬዲት ዩኒየኑ አዛወርኩት።