በከዚራ ያገኘሁት የድድ ሕክምና

ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ እየደማ ስላስቸገረኝ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሟ ሚሊ ሜትር የተሰመረበትን ቀጭን መለኪያ በጥርሴና በድዴ መካከል ቀስ ብላ እያስገባች፣ በጤነኛ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጥልቀት በመንጋጋ ጥርሴ አጠገብ 5 መድረሱን በመስታወት አሳየችኝ። ከሁሉ የወደድሁት ማብራሪያዋን ነው፦ የድድ ሽፋን ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲነካቸው ኢንተርሉኪን 8 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን አመንጭተው ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ይህን ጥሪ ሊያፍን፣ እዚያው ሕዋሳቱ ውስጥም ሊደበቅ ይችላል፤ የድዱ ብግነት፣ ማለትም መቆጣቱና ማበጡ፣ ሲቆይ ደግሞ ጥርስን የያዘው አጥንት ይመናመናል። ከድድ በታች ያለው የጥርስ ድንጋይ በማደንዘዣ፣ በሁለት ቀጠሮ ተጠረገልኝ። በቀጠሮዬ ሰዓት ደርሼ በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቄ ግን ተገቢ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ በድጋሚ ስለካ ጥልቀቱ ወደ 3 ወርዶ፣ መድማቱም ቆሞ ነበር።