ዋልብሮ 450 ፓምፕና የቴፍሎን ነዳጅ መስመር፦ ቱርቦ ፓትሮል ላይ ከሙቀቱ ወራት በኋላ

ስለ ዋልብሮ 450 የነዳጅ ፓምፕ ሲወራ ሁሉም የሚጠራት 450 የምትለዋን ቁጥር ነው፤ በሰዓት 450 ሊትር ይገፋል ለማለት ነው። ለወራት ከነዳሁበት በኋላ የምለው፦ ፓምፑ ጥሩ ነው፣ ቁጥሯ ግን ብቻዋን ብዙ አትነግራችሁም። ልዩነቱን የሚያመጡት ገመዱ፣ ቱቦውና ሙቀቱ ናቸው።

መኪናው ኒሳን ፓትሮል ዋይ 61 ነው፤ ሞተሩ የባህረ ሰላጤ ሰዎች የሚወዱት ባለ 4.8 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ቲቢ 48። ቱርቦ ገብቶለት 650 ፈረስ ጉልበት አካባቢ እንዲሰጥ ነው የተሠራው። የምኖረው ሻርጃ ነው፣ የምቀዳው ሱፐር 98 የሚባለው ቤንዚን ነው። በሥራ ቀን አስፋልት ላይ፣ በዕረፍት ቀን አሸዋ ላይ ይውላል። ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በዚህ ፓምፕ አልፏል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ይበላል። በ650 ስታባዙት በሰዓት 175 ኪሎ፣ ማለትም 235 ሊትር ያህል ይመጣል። ሃያ በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 280 ይሆናል። “ታዲያ 340 የሚለው ፓምፕ አይበቃም ወይ?” ያለኝ ብዙ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሊትር ግን የሚለካው 3 ባር በማይሞላ ወይም 3 ባር አካባቢ በሆነ ግፊት ነው። ቱርቦው 1.5 ባር ሲነፋ ሬጉሌተሩ (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው) የነዳጁንም ግፊት ከመነሻው 3 ባር በዚያው ልክ ያነሳዋል፤ ባያነሳው ኢንጀክተሩ የተነፋውን አየር ሰብሮ በቂ ነዳጅ አይረጭም። ስለዚህ ፓምፑ የሚገፋው 4.5 ባር ነው፣ ግፊት ሲጨምር ደግሞ የሚያወጣው ሊትር ይቀንሳል። 450ው እዚያም ላይ ከሚያስፈልገኝ በላይ ይሰጣል። አሜሪካ ሆናችሁ ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ነዳጅ) የምትቀዱ ሒሳቡ ላይ ሲሶ ያህል ጨምሩበት፤ ትርፉ ቶሎ ያልቃል።

ኤሌክትሪክ ላይ ፓምፑ በላተኛ ነው። በዚህ ግፊት 15 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል፣ የፋብሪካው ገመድ ደግሞ የተዘረጋው ለትንሽ ፓምፕ ነው። በነበረው ገመድ አስነስተን ስንለካ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት፣ ፓምፑ ጫፍ ላይ 11.7 አገኘን። ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ቮልት ያጣ ፓምፕ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ቀስ ያለ ፓምፕ ደግሞ 450 አይደለም። ኤሌትሪሺያኑ ከባትሪው ወፍራም ገመድ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) አድርጎ አወረደልኝ፤ ኔጋቲቩንም የቻሲውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቆ አሰረው። አሁን 13.4 ነው። አሮጌው ገመድ ሪሌውን ከመቀስቀስ በቀር ሥራ የለውም። ይህን አትንኩት፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም እንዲቆም የሚያደርገው እሱ ነው፣ በግጭት ጊዜ ቤንዚን መግፋቱን የሚቀጥል ፓምፕ ማንም አይፈልግም።

ገንዘቤ ከፓምፑ ይልቅ የሄደው ቱቦው ላይ ነው፣ አይቆጨኝም። ኤኤን የሚባለው የቱቦ ውፍረት መለኪያ በኢንች አሥራ ስድስተኛ ነው የሚቆጠረው፤ 8 ማለት ግማሽ ኢንች፣ 6 ማለት ሦስት ስምንተኛ። ወደ ሞተር የሚሄደውን 8፣ የሚመለሰውን 6 አደረግነው። መላሹን በጣም ማሳነስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ፓምፑ ካመጣው አብዛኛው በመላሹ ነው የሚመለሰው። ከጠበበ ሬጉሌተሩ 3 ባር ላይ መያዝ ያቅተዋል።

ቀድሞ የነበረው ሽቦ የለበሰ ጎማ ቱቦ ነበር። ለዓይን ያምራል። ሙቀት ሲጠና ግን ጋራዥ ውስጥ ተዘግቶ የዋለ መኪና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ታች ብትገቡ አንዲት ጠብታ አታገኙም፣ ትነቱን የሚያሳልፈው ጎማው ራሱ ነው። ቴፍሎኑ ከገባ ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ስትገዙ ጫፉን አስቆርጡና ውስጡን እዩ። ለነዳጅ የሚሆነው ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁሩ ነው፤ ቤንዚን በፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጠረውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭው ሽቦ ያስወጣል። ነጩ አያስወጣም፣ ብልጭታው ቱቦውን መርፌ እንደወጋው አድርጎ ሊበሳው ይችላል።

ቴፍሎን ግትር ነው፣ ያ ነው ችግሩ። ጠባብ ቦታ ላይ በግድ ብታጥፉት ይሰበራል፣ የተሰበረው ደግሞ ተመልሶ አይቃናም፤ ቆርጦ መጣል ነው። ጫፉ ላይ የሚገባው መያዣም የራሱ ነው፣ ለጎማ የተሠራው አይዘውም። ሳልባትዮው ውስጥ ላለችው አጭር ቱቦ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ተራ የነዳጅ ጎማ ቤንዚኑን ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይችልም፣ ተነክሮ ሲከርም ያብጥና ከፋሼታው ይንሸራተታል። ጄ30 አር10 የሚል የታተመበትን ብቻ አስገቡ።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ትልቅ ፓምፕ ቤንዚኑን ሲያዞር ነው የሚውለው፤ ወደ ሞተር ሄዶ፣ እዚያ ሞቆ፣ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ሻርጃና ዱባይ መካከል ባለው መጨናነቅ ውስጥ፣ ሳልባትዮው ከሩብ በታች ሆኖ፣ የፓምፑ ድምፅ ከወትሮው ሲቀጥንና የግፊት ጌጁ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ትነት እየሳበ ነው። በበጋ ከግማሽ በታች አላወርድም። አሸዋ ላይም ያው ነው። የአቡ ዳቢው ሊዋ በረሃ ውስጥ እንደ ተል ሙሪብ ያለ 300 ሜትር የሚጠጋ ዱን (የአሸዋ ኮረብታ) ባትወጡም፣ ተራ ዱን ላይ በጎን ስትዘነበሉ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ነዳጅ ረግጣችሁ ሳለ ለሰከንድ ግፊት ከወረደ የሚከፍለው ፒስተኑ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ወጪዬ ትንሽ መጋቢ ታንክ ነው፤ አንድ ትንሽ ፓምፕ ይሞላዋል፣ ትልቁ ሁልጊዜ ነዳጅ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል።

ድምፁ ይሰማል፣ በተለይ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ቁልፍ ሲከፈት። በቱርቦና በአሸዋ ጎማ ጩኸት መሀል ግን ማን ያስታውሰዋል። ለቪትዝ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ፤ አይሆንም።

ይህ ፓምፕ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። የሚያመርተው ቲአይ አውቶሞቲቭ ነው፣ የእኔው ቁጥሩ ኤፍ 90000267 ነው፣ ቁጥሩም አካሉ ላይ ተቀርጾበታል። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ የወረደ ካያችሁ እለፉት።

ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት 100 ማይክሮን፣ ከፓምፑ በኋላ 10 ማይክሮን አድርጌያለሁ። የኋለኛውን በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ስፈታው እጥፋቶቹ መሀል ደቃቅ አሸዋ ነበረበት። ያለ ማመንታት በአዲስ ቀየርኩት፤ የፊተኛው ታጥቦ ተመልሷል።