«በ10 ደቂቃ እናፈጥንልዎታለን» ሲሏችሁ እሺ እንዳትሉ

ይህን የምጽፈው ከሱቁ እንደተመለስኩ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ዴስክቶፕ ገዝታችሁ ልትወጡ ስትሉ «ትንሽ ይጨምሩና ፕሮሰሰሩን በሶፍትዌር ኦቨርክሎክ እናደርግልዎታለን፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ኦቨርክሎክ ማለት የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሰራ ማድረግ ነው። እኔ እሺ አልኩ።

ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 9600ኬ ነው፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.7 ጊጋኸርዝ። ልጁ «ወደ 5 እናደርሰዋለን፣ 35 በመቶ ጭማሪ ነው» አለኝ። ማንም ሳይነካው፣ ሲያስፈልገው ራሱ እስከ 4.6 እንደሚወጣ ግን አልነገረኝም። ከ4.6 ወደ 5 ደግሞ 9 በመቶ እንኳን አይሞላም። ስልኬን አውጥቼ በሁለት ደቂቃ ማየት እችል ነበር። አላየሁም። ይሄ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። ሶፍትዌሩን ሲከፍተው የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ አለ። ረጅም ጽሁፍ ነው። ጠጋ ብዬ ማንበብ ስጀምር ስለ ዋስትና የሚያወራ መስመር አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝም። «ኧረ አይጨነቁ፣ ለሁሉም የሚወጣ ነው» ብሎ መስማማቱን ተጫነው። መስኮቱ ጠፋ። ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር፣ ማባዣውን፣ 50 ላይ አደረገው፤ 100 ሜጋኸርዝ በ50 ሲባዛ 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። ቮልቴጁን 1.45 ቮልት ላይ ቸነከረው። ማቀዝቀዣው ያው ትንሿ ፋን ናት። አንድ ጌም ለደቂቃ ከፍቶ «ይኸው፣ ይበራል» አለኝ። አመሰገንኩት። ሁለቴ አመሰገንኩት።

ቤት ገብቼ ቪዲዮ ሳቀናብር ሙቀቱ 100 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የከፈልኩበት ፍጥነት ስራ ሲበዛ የለም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ቮልቴጅ 20 በመቶ ሲጨምር፣ ፍጥነቱ ባይነካ እንኳን፣ የሚበላው ኃይል 44 በመቶ ገደማ ያድጋል። ያ ሁሉ ሙቀት ነው። ትንሿ ፋን አትችለውም። በሁለተኛው ወር ኮምፒውተሩ ሲበላሽ የሚያሳየው ሰማያዊው ስክሪን ጀመረኝ። አሁን ወደ ፋብሪካው ፍጥነት ብመልሰውም ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል።

ዛሬ ተሸክሜው ሄድኩ። ያው ልጅ ነው የተቀበለኝ። አበራውና ያንኑ ሶፍትዌር ከፈተ። እኔ ፍጥነቱን ብመልሰውም ራሱ ያስቀመጠው የቀድሞ ቅንብር እዚያው ተመዝግቦ ተቀምጧል። አየና «ኦቨርክሎክ ተደርጓል፣ ዋስትና የለውም» አለ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያደረግከው?»

«አንቺ ፊት አይደል እሺ ያልኩት? ማንበብ ነበረብሽ።»

ሲሸጥልኝ «እርስዎ» ነበርኩ። ዛሬ «አንቺ» ሆንኩ። አጠገቡ የቆመችው ሰራተኛ ሳቀች። ደረሰኙን አውጥቼ አሳየኋቸው። «የኮምፒውተር አገልግሎት» ይላል እንጂ ኦቨርክሎክ የሚል ቃል የለበትም። ያልጻፉት ሆን ብለው እንደሆነ አሁን አልጠራጠርም።

አደራ፣ እናፍጥንላችሁ ካሏችሁ «ኦቨርክሎክ ያደረግነው እኛ ነን፣ ቢበላሽ እንጠየቃለን» ብለው ደረሰኙ ላይ ይጻፉላችሁ። እምቢ ካሉ ጥላችሁ ውጡ። ቀድሞ የተደረገላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ቮልቴጁን እዩና ወደ መደበኛው መልሱት። ከመመለሳችሁ በፊት ግን የስክሪኑን ፎቶ አንሱ። እኔ ያንን ፎቶ አላነሳሁም።