ስሟ 1050 ቲአይ፣ ሆዷ ሌላ፦ ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ ቆም በሉ

በአሮጌ ኮምፒውተር ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ሰዎች ይህቺን አንብቡልኝ። 14 ሺህ ብሬ እንዴት እንደተበላ ነው የምነግራችሁ። ሻጩን በስም አልጠራም። እሱ ቢቀር ሌላው ይሸጠዋል፤ ዕቃው ገበያው ውስጥ ሞልቷል።

የኔ ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ኮር አይ 5፣ ሦስተኛ ትውልድ። ራሙን 16 ጊጋ ካደረግኩት ወዲህ ለመቁረጥና ለመቀጠል አይከፋም። ከለር መንካት ስጀምር ግን ይንቀራፈፋል። የጥር ሰርግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በአንድ ሳምንት ሦስት ሰርግ ይዤ ነበር፤ ከነመልሱ፣ ከነቅልቅሉ። ስለዚህ የምስሉን ሥራ ፕሮሰሰሩን የሚያግዝ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ አልኩ።

ቴሌግራም ላይ አገኘሁ። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ እንደ አዲስ»። ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። ራሱ ሰካልኝ፣ ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከራሱ ፍላሽ ጫነልኝ፣ የተሰኩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ አሳየኝ። ስሙ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። «ይኸው ወንድሜ፣ በዓይንህ እያየኸው ነው» አለኝ። ካርዱ ተጨማሪ ኃይል ስለሚፈልግ የገመድ አዳፕተርም መረቀልኝ። አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

ቤት ገብቼ ኤዲት የማደርግበትን ፕሪሚየር ፕሮን ከፈትኩ። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ሬንደረር የሚለው ቦታ ላይ «ሶፍትዌር ኦንሊ» ብቻ ነው ያለው። ኩዳ የሚባለው፣ ሥራውን ለካርዱ የሚሰጠው ምርጫ የለም። ይህ ማለት ካርዱ ተሰክቶ ቁጭ ብሏል፣ ሥራውን የሚሠራው ያው አሮጌው ፕሮሰሰር ነው። ሌላውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭን ሞከርኩ፤ እሱ ጭራሽ ጂፒዩውን (የካርዱን ቺፕ) አልቀበልም አለ። ሻጩ ጋ ስደውል «ድራይቨሩን አፕዴት አድርገው» አለኝ። አዲሱን ከቺፑ ሠሪ ከራሱ ከኤንቪዲያ አውርጄ ስጭን፣ የሚስማማ ካርድ የለም ብሎ ቆመ። ዲቫይስ ማናጀር ላይ ግን ስሙ አሁንም 1050 ቲአይ ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጂፒዩ-ዚ አውርድና እየው» አለኝ። ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ናት፤ ሳትጫንም ትሠራለች። ከፈትኳት። ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ለጥፋበታለች። የቺፑ ስም ጂኤፍ 116 ይላል፤ ትክክለኛው 1050 ቲአይ ላይ ጂፒ 107 ነበር መሆን ያለበት። የቺፑ ትንንሽ ማስሊያዎች ቁጥር በሚጻፍበት፣ ሼደር በሚለው ሳጥን ውስጥ 768 መሆን ሲገባው 192 ብቻ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገዛሁት ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው፣ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ። 1050 ቲአይ የወጣው በ2016 ነው። አንድ ሰው የአሮጌውን ካርድ ባዮስ (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበትን ውስጣዊ ፕሮግራም) ከፍቶ ስሙንና የሜሞሪ መጠኑን ቀይሮበታል። ሊብሬው ላይ ላንድክሩዘር ቢጻፍበት ቪትዝ ያው ቪትዝ ነው። ብዙዎቹ 550 ቲአይ ካርዶች እውነተኛ ሜሞሪያቸው 1 ጊጋ ነው። 4 ጊጋ አለኝ ብሎ ዋሽቶ ከ1 ጊጋ በላይ ሥራ ሲሰጠው ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ፕሮግራሙ ይዘጋል። ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ የሚያወጣው ድራይቨርም በ2018፣ 391.35 በሚባለው ስሪት ላይ ቆሟል። አዲሱ ድራይቨር እምቢ ያለው ለዚህ ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ ሱቁ ውስጥ በዓይኔ ላየው እችል የነበረው ነገር ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ (የድሮው የስክሪን ገመድ) መሰኪያ ነበረበት። የ1050 ቲአይ ቺፕ ቪጂኤ የሚባል ነገር አያወጣም። ያ የተመረቀልኝ አዳፕተርስ? እውነተኛው 1050 ቲአይ 75 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ አብዛኞቹ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ይበቃቸዋል። 550 ቲአይ ግን 116 ዋት ነው። ምራቂው ራሱ ማስረጃ ነበር።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የራሳችሁን የፕሪሚየር ፕሮጀክትም፣ ከለርና ኢፌክት የበዛበትን፣ እዚያው ኤክስፖርት አድርጉት። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ እናንተም ገንዘብ የላችሁም።

ኦሪጅናል ዕቃም ቢሆን ለእናንተ ማሽን ላይሆን ይችላል። ጓደኛዬ ለቀጭኑ ኦፕቲፕሌክስ ጂቲ 1030 የሚባል ትንሽ ካርድ ገዛ። ካርዱ እውነተኛ ነው፣ አጭር ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥም ገባለት። ግን 1030 ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርግ (ያለቀውን ቪዲዮ ጨምቆ ፋይል የሚያደርግ) ክፍል የለውም፤ ኤክስፖርቱ እንደድሮው ፕሮሰሰሩ ላይ ወደቀ። 1030 ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። ዲዲአር 4 ሜሞሪ ያለው ከጂዲዲአር 5 በጣም ይዘገያል፤ ካርቶኑን አገላብጣችሁ እዩ። አዲሶቹ የፕሪሚየር ስሪቶች ደግሞ ቢያንስ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ይላሉ። እንደኔ ሦስተኛ ትውልድ ላይ ያላችሁ ምንም ካርድ ብትሰኩ በድሮው ስሪት መቆየታችሁ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይም ቢሆን እያረጀ ነው፤ ኤንቪዲያ ለእሱ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር ማውጣት እንደሚያቆም በ2025 አስታውቋል።

ካርዱን መልሼ ወሰድኩለት። «እኔም ከዱባይ እንደመጣ ነው የተረከብኩት» አለኝ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም፤ በእጄ ያለው ገንዘቡን ያስተላለፍኩበት ስክሪንሾት ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን 9 ሺህ ብር መለሰልኝ። ሦስቱንም ሰርግ በሶፍትዌር ኦንሊ ጨረስኩ። ለአንዱ ሙሽራ እናት ሁለቴ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ትናንት ቻናሉን ከፍቼ አየሁ። ፋኑ ላይ ጭረት ያለባት ያችው የኔዋ ካርድ ተለጥፋለች። ፎቶው ከፊት በኩል ብቻ ነው የተነሳው፣ ቪጂኤው እንዳይታይ። ዋጋዋ 15 ሺህ ሆኗል።